ከአንዲስ ተራሮች የተመለሰው ሰማያዊ ወፍ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከቤት ስንወጣ የጆርጂያ አቬኑ መብራቶች ገና አልጠፉም። ሚኒቫኔ ውስጥ ከኋላው በር እስከ እኔ ትከሻ ድረስ ረጃጅም የአሉሚኒየም ዘንጎች ተጋድመዋል። ከዘንጎቹ ጎን በከረጢት የተጠቀለለ ቀጭን መረብ፣ ገመድ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ የዝናብ ልብስና እኔ ያሰናዳሁት የምግብ ሳጥን አለ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ቋንጣ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድፎ ዳቦ ይዣለሁ። ጊዜው በፈረንጆች 2014፣ ወሩ ግንቦት ነው።

የወንድሜ ልጅ ቤዛ አጠገቤ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች። ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ማታ እኔ ጋ አድራለች። የዶክትሬት ጥናቷ ስለ አንድ ወፍ ነው። ፈረንጆቹ ሴሩሊያን ዋርብለር ይሉታል። አማርኛ ስም ስለሌለው እኛ ቤት “ሰማያዊው” ብለን እንጠራዋለን። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ወገብ ላይ ባለው ደን ውስጥ ነው። ጸደይ ሲመጣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ሰፈር፣ ሜሪላንድ ድረስ ይመጣል፤ እዚህ ጎጆ ሠርቶ፣ ጫጩት አሳድጎ፣ ሙቀቱ ሳያልፍ ይመለሳል።

ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። የሚያልቀው እዚህ ይሁን፣ እዚያ ይሁን፣ ወይስ መንገድ ላይ ለማወቅ መጀመሪያ ከየትኛው ጫካ ተነሥቶ የትኛው ጫካ እንደሚገባ መታወቅ አለበት። ቤዛ ባለፈው ግንቦት የያዘቻቸው ወፎች ጀርባ ላይ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ መሣሪያ በስስ ክር አስራ ለቅቃቸዋለች። መሣሪያዋ ፀሐይ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን ሰዓት ትመዘግባለች፤ ከዚያ ወፉ የት እንደነበረ ይሰላል። ግን ምንም አታስተላልፍም። የያዘችውን ለማወቅ ያንኑ ወፍ በዓመቱ እዚያው ጫካ ሄዶ እንደገና መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ጸደይ ከእነዚያ ወፎች የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። ቤዛ በርቀት መነጽር አይታዋለች፤ ግራ እግሩ ላይ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቢጫ ቀለበት አለው። ሁለት ጊዜ ልትይዘው ሄዳ እምቢ ብሏታል። ሴቷ እንቁላል ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ወንዱ እንደ ልቡ ወደ ታች አይወርድም፤ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ጥናቱም በዚህ ወቅት ይዘጋል። ይህ ሁሉ እያለ ሐሙስ ዕለት አብራት የምትሠራው ልጅ ትርፍ አንጀቷን ኦፕራሲዮን ሆነች። ቤዛ ማታ ኮል አደረገችኝ።

“አንቲ ጥሩዬ፣ ዊክኤንድ ትሠሪያለሽ?”

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ቅዳሜና እሑድ የራሴ ናቸው። ይኸው መጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፤ አሌክሳንድሪያ

ለመረቡ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰው ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው፣ የቤዛ አባት ነው። ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል ወጥቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ አሌክሳንድሪያን ለቆ አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ ዊክኤንድ ሥራ ትገባለች።

እኛ ስንደርስ የአፓርታማው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ኮት ለብሷል፣ ባርኔጣ አድርጓል፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው የመዥገር መከላከያ መርጫ ይዟል። የመጣው ለወፉ ብሎ አይደለም፤ እዚያ ጫካ ድብ አለ ሲሉት ሰምቶ ነው። ቤዛ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ሳለ ይህንን ስትመርጥ አልከለከላትም። ግን ዘመድ ስለ ልጁ ሥራ ሲጠይቀው ወሬ ይቀይራል።

ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ ከወጣን በኋላ ከኋላ ወንበር ሆኖ ጠየቃት።

“እና ዛሬና ነገ ካልተያዘስ?”

ቤዛ በመስኮቱ እያየች፣ “ዜን ኢትስ ኦቨር፣ ዳዲ” አለችው፤ ያኔ አበቃ ማለቷ ነው።

ድልድዩን ተሻገርን። ከታች የፖቶማክ ወንዝ ጉም ለብሶ ተኝቷል፤ ድንጋዮቹ ብቻ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ።

ረፋድ፤ ወደ ፍሬድሪክ

የሁለት መቶ ሰባ አውራ ጎዳና ቅዳሜ ጠዋት ለሾፌር ደስ ይላል። ቢሮዎቹና ሞሎቹ እያነሱ፣ የእህል ማከማቻዎቹና ላሞቹ እየበዙ ይሄዳሉ። ከፊት የተራሮቹ መስመር ይመጣል። ቤንዚን ስንቀዳ ጋሎኑ ከእኛ ሰፈር በጥቂት ሳንቲም ይረክሳል። ከማደያው ባሻገር አንድ ገበሬ የጭነት መኪናውን ኋላ ከፍቶ እንጆሪ ይሸጣል፤ አንዱ ቅርጫት አራት ዶላር። ጢሙ እስከ ደረቱ የደረሰ፣ ቀያይ ጉንጭ ያለው ሰው ነው። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ወንድሜ በጨዋ እንግሊዝኛው ወፍ ልንይዝ እንደሆነ ነገረው።

ሰውየው ሦስታችንንም አየንና፣ ትልቅ ወፍ ነው? ይበላል? አለ።

ወንድሜ ሲስቅ የዛን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እንጆሪውን ይዞ ሲመለስ የኋላውን ወንበር ትቼ ከፊት፣ ልጄ አጠገብ ልቀመጥ አለኝ። ከፊት ያለው የእኔና የቤዛ ወንበር ብቻ ስለሆነ መሐል ባለው ወንበር ላይ ተደግፎ በሁለታችን መካከል አንገቱን አስገባ።

ወፉ እዚያ አንዲስ ተራራ ላይ ምን ይበላል ብሎ ጠየቃት። ቤዛ ነገረችው፦ ቅጠል ላይ የሚሄዱ ትላትሎችና ጥቃቅን ነፍሳት። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም የቡና እርሻ ላይ፣ ቡናውን በሚያጠሉት ትልልቅ ዛፎች ጫፍ ላይ እንደሆነ፣ ገበሬዎቹ ዛፎቹን ቆርጠው ቡናውን ለፀሐይ ሲያጋልጡት ወፉም ቦታውን ትቶ እንደሚሄድ ጨመረችለት። ወንድሜ ያደገው ይርጋለም ነው። ጥላ የሌለው ቡና ቡና አይባልም አለ። ከዚያ ወዲያ የቀረውን መንገድ ሁለቱ ናቸው ያወሩት፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ልዩነቱ የታወቃቸው አይመስልም። እኔ መንገዴን እነዳለሁ።

ቅዳሜ ቀን፤ ጫካው

ጫካው ከወንዙ በላይ ባለ ገደላማ ቁልቁለት ላይ ነው። ባለቤቷ ሚስ ሩት የምትባል መበለት ናት፤ ቤቷ ከላይ፣ ዛፎቿ ከታች። ቤዛን እንደ ልጇ ታያታለች። መኪናችንን እሷ ደጅ አቁመን፣ ዕቃውን ተሸክመን ወረድን።

ዛፎቹን ለማየት ባርኔጣን በእጅ ይዞ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል። ግንዳቸው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቅጠሉ የሚጀምረው ከሦስት ፎቅ በላይ ነው። ከታች እርጥብ ቅጠል፣ ፈርን የሚሉት የጥላ ተክል፣ ጠባብ ጅረት። ሰማያዊው ደግሞ የሚውለው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው፤ እንደሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሽቦ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ስልል ብሎ ይወጣል። ቤዛ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጣቷን አነሣች። እሱ ነው ማለቷ ነው።

መረቡን መስቀል ግማሽ ቀን ወሰደብን። ቤዛ በወንጭፍ ክር ወደ ቅርንጫፍ ትወረውራለች፣ በክሩ ገመድ እንጎትታለን፣ በገመዱ መረቡ ይወጣል። እኔ አንዱን ገመድ፣ ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ሌላውን ያዘ። መረቡ ከቀጭንነቱ የተነሣ ከተዘረጋ በኋላ የት እንዳለ ለእኛም ጠፋን። ከመረቡ መሐል ሰማያዊ የተቀባች የእንጨት ወፍ ተሰቀለች፣ ከሥሯ የተቀዳ የወፍ ዘፈን የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ። ወንዱ ድምፁን ሰምቶ፣ ሌላ ወንድ ግዛቴ ገባ ብሎ ሊያባርር ሲወርድ መረቡ ይይዘዋል። ዘዴው ይህ ነው።

ቤዛ ቅጂውን አጫወተች። ወፉ ወዲያው መጣ። አንድ ሰማያዊ ነገር ከዛፉ ጫፍ ተወርውሮ ሲወርድ፣ መረቡ ሲርገበገብና ቤዛ ስትሮጥ አንድ ሆነ። ግን የነካው የመረቡን ጠርዝ ነበር፤ ነጥሮ ወጣ። ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ላባውን አራገፈ። እግሩን በመነጽር አየሁት፤ ሰማያዊና ቢጫ።

ከዚያ በኋላ አልወረደም። ቤዛ ቅጂውን አጫወተች፣ አቆመች፣ ቦታውን ለወጠች፣ እንደገና አጫወተች። እሱ ከላይ ሆኖ የራሱን ይዘፍናል፣ ወደ እኛ አንገቱንም አያዞርም። ፀሐይ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ በኩል ስታዘቀዝቅ መረቡን አወረድን። ቤዛ ቀና ሳትል ገመዱን ጠቀለለች። ወንድሜ ሊያናግራት ቀረብ አለና ሐሳቡን ለውጦ ዘንጎቹን ተሸከመ።

ቅዳሜ ማታ፤ ሚስ ሩት ቤት

ሚስ ሩት ያለ እራት አታሳድርም። የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ ከጓሮዋ የለቀመችው አስፓራገስ የሚሉት አትክልት፣ ከዚያ ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል የተሠራ ጣፋጭ ፓይ። እኔ ድፎ ዳቦዬን አቀረብኩ፤ ሁለት ጊዜ ቆርሳ ወሰደች። ግድግዳው ላይ የሟች ባሏ ፎቶ አለ፤ እነዚህን ዛፎች እንጨት ነጋዴዎች በየዓመቱ እየመጡ ሲጠይቁት አልሸጥም እንዳለ ነገረችን።

ቤዛ ሹካዋን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ አትበላም። ወንድሜ በመጨረሻ፣ ሰማያዊው ለምን መጀመሪያ መጥቶ ኋላ እምቢ እንዳለ ጠየቃት። ድምፁን ለመደው፣ አለችው። ባለፉት ሁለት ጉዞዎቿም እንዲሁ ነበር፤ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ ይተዋል።

“ሁልጊዜ ያንኑ ድምፅ እኮ ነው የምታሰሚው” አላት። “የመኪና ዋስትና ልሽጥልዎት እያለ የሚደውልልኝ ሰውዬ አለ። መጀመሪያ ቀን አናገርኩት። በሁለተኛው ተቆጣሁት። አሁን ድምፁን ስሰማ ስልኩን አስቀምጠዋለሁ።”

ምን እንዳለ ለሚስ ሩት ተረጎምኩላትና ሳቀች። ቤዛ ግን አልሳቀችም። ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቅጂው ከሌላ ስቴት፣ ከዓመታት በፊት የተቀዳ የማይታወቅ ወፍ ድምፅ እንደሆነ፣ ሦስቱንም ጊዜ እሱን እንዳጫወተች ነገረችን፤ የምትነግረው ለራሷ ይመስል ነበር። ከጅረቱ ማዶ ሌላ ወንድ አለ። ሁለቱ በየቀኑ በድንበር ይጣላሉ፤ ሰማያዊው ያንን ጎረቤቱን ያውቀዋል፣ ይፈራዋል፣ ይጠላዋል። ነገ ጠዋት የጎረቤቱን ድምፅ ቀድተን በሰማያዊው ግዛት ውስጥ ብናጫውትስ?

ፓይዋን ሳትነካ ተነሥታ የመቅጃውን ባትሪ ቻርጅ ልታደርግ ሄደች። ወንድሜ የእሷንም ድርሻ በላ።

እሑድ ጠዋት፤ ጅረቱ ዳር

በዝናብ ድምፅ ነቃን። ዝናብ ካለ መረብ አይዘረጋም፤ ወፉ መረብ ላይ ተይዞ ከረጠበ ይሞታል። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ እናያለን። እኔ ቅዳሴ ቀረብኝ እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ፤ ስለ ወፍ መጸለይ ያስነውር እንደሆነ ማንን ልጠይቅ። ወንድሜ ሰዓቱን አያይም፣ ሰማዩን ያያል።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ ሣሣ፣ ከዚያ ቆመ። ቤዛ በሩን ከፍታ ሮጠች። ጅረቱን በእግሯ ተሻግራ ማዶው ዛፎች ውስጥ ገባች። እኛ መረቡን እሷ ባሳየችን ቦታ፣ ከጅረቱ ጠርዝ ጎን ሰቀልን፤ ትናንት ግማሽ ቀን የፈጀብን ሥራ ዛሬ ቀለለን። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ርሳለች፣ ፊቷ ግን በርቷል። የጎረቤቱን ድምፅ አግኝታለች።

ወንድሜ ድምፅ ማጉያው ጋ ከግንድ ጀርባ ተንበረከከ። እኔ የመረቡን ገመድ ይዣለሁ። ቤዛ በእጇ ምልክት ሰጠችው፣ እሱም ቁልፉን ተጫነ።

ድምፁ ለእኔ ጆሮ ከትናንቱ ምንም አይለይም። ለሰማያዊው ግን ተለየ። ከላይ ዘፈኑን መሐል ላይ አቋረጠ። ጫካው ዝም አለ። ከዚያ ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለ ወረደ፤ የእንጨቷን ወፍ አንድ ጊዜ ዞራት፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ልቤ አብሮት ወጣ። ሁለተኛ ሲመጣ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነበር። መረቡ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ጎደጎደና እዚያው ቀረ።

“አንቲ፣ አውርጂው” አለች ቤዛ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

ገመዱን ለቀቅኩ። ቤዛ መሬት ሳይነካ ተቀበለችው። ጣቶቿ በመረቡ ክር መሐል ሲሠሩ የዳንቴል ሥራ ይመስላሉ። እግሩን አየች፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ። የጀርባውን ላባ በትንፋሿ እፍ ብላ ከፈተችውና ተጠግታ ፈለገች። መሣሪያዋ ትኖር ይሆን ወይስ መንገድ ላይ ክሩ ተበጥሶ ባሕር ውስጥ ወድቃ ይሆን፣ እኛ አናውቅም።

“አለች” አለችን።

በትንሽ መቀስ ክሩን ቆርጣ መሣሪያዋን በመዳፌ አስቀመጠችልኝ። በጠርሙስ እስክከታት ድረስ ትንፋሼን ያዝኩ። ወፉን መዘነችው፣ ክንፉን ለካችው። ወንድሜ ተጠግቶ ያያል። ጀርባው ጠዋት ሰማይ የሚሆነውን ዓይነት ሰማያዊ ነው፣ ሆዱ ነጭ፣ አንገቱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ጠቆር ያለ ሐብል አለ። የልቡ ምት ከመፍጠኑ የተነሣ ደረቱ ይንዘፈዘፋል።

“ባሕር የተሻገረው ይሄ ነው?” አላት።

“እጅህን ዘርጋ፣ ዳዲ።”

ዘረጋ። ቤዛ ወፉን መዳፉ ላይ አድርጋ እጇን ከላዩ አነሣች። ሰማያዊው ነፃ መሆኑን ያላመነ ይመስል ለአፍታ ተቀመጠ፤ ከዚያ የለም። ዕቃችንን ሳንሰበስብ ከላይ፣ ከዚያው ጫፍ ዘፈኑ ተጀመረ። ወንድሜ እጁን እንደዘረጋ ቀርቶ ነበር። ሚስ ሩት ከላይ ከቤቷ በረንዳ ሆና ምን ተገኘ ብላ ስትጣራ መልስ የሰጣት እሱ ነው፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ሁለቱንም አቀላቅሎ።

ቁርስ አቅርባ ጠበቀችን። የአሳማ ሥጋ የሆነውን ቤከን ለእሷ ትተን እንቁላሉንና ፓንኬኩን ጨረስንላት።

እሑድ ከሰዓት፤ ኮሌጅ ፓርክ

ግን ገና አላለቀም። መንገዱን ሙሉ ቤዛ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። የመሣሪያዋ ባትሪ በፈረንጆቹ ክረምት ሞቶ ከሆነ ውስጧ ምንም ላይኖር ይችላል። ፍሬድሪክን አልፈን ሳለን ይህን ስትነግረን ወንድሜ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ጉብታ ላይ መኪናው እንዳይነጥር አለኝ።

የምትሠራበት ክፍል ባዶ ነው፤ የተማሪዎች ብስክሌት ኮሪደሩ ላይ ተደግፏል። ቤዛ መሣሪያዋን ከቀጭን ሽቦ ጋር አገናኝታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ቆመች። ቆመች። ወንድሜ በሹክሹክታ ምን ሆነ ሲለኝ እንደማላውቅ በትከሻዬ ነገርኩት። ከዚያ መስመሯ መውጣትና መውረድ ጀመረች፤ ቀን፣ ሌሊት፣ ቀን፣ ሌሊት፣ ያለማቋረጥ፣ ከአምናው ግንቦት እስከ ዘንድሮው። ዓመቱ ሙሉ እዚያው ተመዝግቧል።

ቤዛ ገና ሻካራ ስሌት ነው፣ ብዙ ይታረማል እያለች ቁጥሮቹን ካርታ ላይ አፈሰሰቻቸው። ነጠብጣቦቹ ከሜሪላንድ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ፣ ባሕሩን አቋረጡ፣ መካከለኛውን አሜሪካ ተከትለው ሄዱ። ከዚያ በአንድ ቦታ ተከማቹ፤ ኮሎምቢያ፣ በአንዲስ ተዳፋት ላይ። ክረምቱን በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ጸደይ ሲደርስ ነጠብጣቦቹ መንገድ ጀምረው ወደ ሚስ ሩት ዛፎች ተመለሱ።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ተጠጋ። ጣቱን ተራራው ላይ አሳረፈ።

“ይህንን ከአንቺ በፊት የሚያውቅ አለ?”

“ስለዚህ ወፍ? የለም። አሁን እኛ ሦስታችን ብቻ ነን የምናውቀው” አለችው።

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳዪኝ አላት። እሷም ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ፣ በተሰባበረ አማርኛ አሳየችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ እያለ ነው የምታወራው። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ዘንድ ስትደውል የሴትየዋ ደስታ ከስልኩ ወጥቶ እኛ ጋ ይሰማ ነበር።

እሑድ ምሽት፤ አሌክሳንድሪያ

የአፓርታማው መኪና ማቆሚያ ስንደርስ ወንድሜ አልወረደም። ስልኩን አውጥቶ ለባለቤቱ ደወለ፣ ነገራት። ሲያትል ላለው የአጎታችን ልጅ ደወለ። አናንዴል ላለ ጓደኛው ደወለ። እያንዳንዱን ሰው ከእንጆሪ ሻጩ እየጀመረ ነው የሚነግረው። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ታላቅ እህታችን እትዬ አስካለ ዘንድ ሊደውል ሲል እዚያ ገና አልነጋም አልኩት። እትዬ ለጸሎት ተነሥታለች ብሎ ደወለ፣ እኛም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው።

“ማን ሞተ?” አለች እትዬ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

“ማንም አልሞተም እትዬ። ቤዛ ወፉን ያዘችው።”

“የምን ወፍ?”

ነገራት። ተራራውን፣ ባሕሩን፣ ጎረቤትዬውን፣ ካርታውን፣ ዝናቡን፣ ሁሉንም። ሲጨርስ እትዬ ጠየቀችው።

“ጌታቸው፣ እና ይሄ ትልቅ ነገር ነው?”

“ትልቅ ነገር ነው፣ እትዬ” አላት። ድምፁ ተሰበረ። “ልጄ በጣም ትልቅ ነገር ሠራች።”

“እንግዲያው ምን ያስለቅስሃል” አለችና እልልታዋን ለቀቀችው። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ፈረንጅ ቆመ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። ቤዛ ከመኪናው ወርዳ ስልኩን ከአባቷ እጅ ተቀበለች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣለችና እዚያው መኪና ማቆሚያው መሐል ቆማ እልልታውን መለሰችላት።